የአውሮፕላን ቲኬት ከጉዞ ወኪል ወይስ በቀጥታ ከአየር መንገዱ? ከመክፈል በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በአውሮፕላን መጓዝ የነጋዴና የባለሥልጣን ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄድ ሕመምተኛ፣ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት የምትጓዝ ወጣት፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያቀና ምዕመን፣ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቹን ሊጠይቅ የሚነሣ አባት ሁሉም ከቲኬት ግዢ ጋር ይገናኛሉ። ለብዙ ቤተሰብ የአንድ ቲኬት ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ትልቁ ነው። በሬ ተሸጦ፣ እህል ከጎተራ ወጥቶ ወይም ከዘመድ አዝማድ ተበድሮ ይከፈላል።

ቲኬት የሚገዛባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቀጥታ ከአየር መንገዱ መግዛት ሲሆን ሁለተኛው በጉዞ ወኪል፣ በተለምዶ “የቲኬት ቢሮ” ወይም “ትራቭል ኤጀንት” በሚባለው በኩል መግዛት ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሁሉም ተጓዥ ሊይዘው የሚገባ አንድ ቁም ነገር ግን አለ፤ ጉዞው ሲለወጥ ወይም ሲሰረዝ ገንዘቡ የሚመለሰው በሄደበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከዋጋው እኩል መጠየቅ ያለበት ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ጉዳይ ነው።

ቲኬቱ የት ነው ያለው?

ቀደም ባለው ዘመን ቲኬት ማለት ራሱ ወረቀቱ ነበር። መንገደኛው ከቆዳ ቦርሳው አውጥቶ የሚያሳየው፣ ከጠፋበትም ትልቅ ችግር ላይ የሚጥለው ሰነድ ነበር። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም ጀምሮ ለጉዞ ወኪሎች የወረቀት ቲኬት ማቅረቡን ካቆመ ወዲህ ግን ቲኬት በአየር መንገዱ የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ የሚቀመጥ መረጃ ሆኗል። መንገደኛው በእጁ የሚይዘው ወረቀት የዚያ መረጃ ቅጂ ብቻ ነው።

ይህ ለውጥ ብዙ ነገር አቅልሏል። ወረቀቱ ቢጠፋ ጉዞው አይቀርም። በሌላ በኩል ደግሞ ለማታለል የተመቸ ክፍተት ፈጥሯል፤ በማተሚያ መሣሪያ የወጣ፣ የአየር መንገድ አርማ ያለበት ወረቀት ሁሉ ቲኬት አይደለምና። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቦታ መያዝ፣ በተለምዶ “ቡኪንግ” ወይም “ሪዘርቬሽን” የሚባለው ነው። ፊደልና አኀዝ የተቀላቀሉበት ስድስት ሆሄ ያለው መለያ ይሰጠዋል። ይህ መለያ የሚያሳየው ወንበር ለጊዜው መያዙን እንጂ ክፍያ መፈጸሙን አይደለም። ክፍያው በተወሰነው ጊዜ ካልተጠናቀቀ የተያዘው ቦታ በራሱ ይሰረዛል። ቪዛ የሚያመለክቱ ሰዎች ለኤምባሲ የሚያቀርቡት ወረቀት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ሕጋዊ ነው፤ ለመሳፈር ግን አያበቃም።

ሁለተኛው የተቆረጠ ቲኬት ነው። ይህ በመደበኛ አየር መንገዶች ዘንድ 13 አኀዝ ያለው ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኀዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071፣ የሳዑዲ አየር መንገድ 065፣ የኤምሬትስ 176፣ የቱርክ አየር መንገድ 235 ነው። ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ስድስት ሆሄ ያለው መለያ ብቻ የሰጠ ሻጭ ቲኬት ቆርጧል ማለት አይቻልም።

በቀጥታ ከአየር መንገዱ መግዛት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በሽያጭ ቢሮዎቹ፣ በድረ ገጹና በሞባይል መተግበሪያው ይሸጣል። ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ቦታ ይዞ በቴሌብር ወይም በባንክ የሞባይል አገልግሎት ሊከፍል ይችላል።

የዚህ መንገድ ዋነኛ ጥቅም በመንገደኛውና በአየር መንገዱ መካከል ሌላ አካል አለመኖሩ ነው። በረራ ቢዘገይ ወይም ሰዓቱ ቢቀየር መልእክቱ የሚላከው በመዝገቡ ላይ ወደሰፈረው ስልክና ኢሜይል ነው፤ ገዢው የራሱን ስልክ ካስመዘገበ መረጃው በቀጥታ ይደርሰዋል። ቀን መለወጥ ቢፈልግ ከአየር መንገዱ ጋር ራሱ ይነጋገራል። ተመላሽ ገንዘብ ካለም ጥያቄው በሌላ እጅ አያልፍም።

ጉድለቱ ደግሞ አየር መንገዱ የሚሸጠው የራሱንና የአጋሮቹን በረራ መሆኑ ነው። ሌላ አየር መንገድ በዚያው ቀን በርካሽ ዋጋ ቢበር የመናገር ግዴታ የለበትም። የቪዛ ጉዳይ፣ የማረፊያ ቦታ፣ በሚደርሱበት ሀገር ተቀባይ የማግኘት ጉዳይ በአብዛኛው የመንገደኛው የራሱ የቤት ሥራ ነው። በመተግበሪያ የሚገዛ ሰው ስሙን ወይም ቀኑን ቢሳሳት የስሕተቱ ባለቤት ራሱ ነው። በስልክ መክፈልን ያልለመዱ አዛውንት ይህን ብቻቸውን ባይሞክሩት ይመረጣል።

በጉዞ ወኪል በኩል መግዛት

የጉዞ ወኪሎች የብዙ አየር መንገዶችን በረራና ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚያሳዩ የኮምፒዩተር ሥርዓቶችን ይጠቀማሉ። ከእነዚህ አንዱ በአውሮፓውያኑ 1987 ኤር ፍራንስ፣ ሉፍታንዛ፣ አይቤሪያና የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ በጋራ ያቋቋሙት አማዴየስ ነው። ሳቤር የተባለው ደግሞ ከአሜሪካን አየር መንገድና ከአይቢኤም ትብብር የተወለደ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ጥሩ ወኪል በዱባይ፣ በጅዳ ወይም በኢስታንቡል የሚያልፉ አማራጮችን አነጻጽሮ ለደንበኛው ማሳየት ይችላል።

ወኪሉ በምን ይተዳደራል? ቀደም ሲል ዋናው ገቢው ከአየር መንገዱ የሚከፈለው ኮሚሽን ነበር። በአውሮፓውያኑ 1995 የአሜሪካ አየር መንገዶች ለኮሚሽኑ ጣሪያ ማበጀት ጀመሩ፤ በ2002 ደግሞ ትልልቆቹ መሠረታዊውን ኮሚሽን ከናካቴው አስቀሩት። አሠራሩ በሌሎች ሀገራትም እየተስፋፋ በመምጣቱ ዛሬ ብዙ ወኪሎች ከደንበኛው የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ ለሠሩት ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው። ደንበኛው ግን ከጠቅላላው ክፍያ ውስጥ የቲኬቱ ስንት፣ የአገልግሎቱ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ቲኬቱ ተመላሽ በሚሆንበት ጊዜ የአገልግሎት ክፍያው ብዙውን ጊዜ አይመለስምና።

የወኪል ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ጉዞው ውስብስብ ሲሆን ነው። ከአንድ በላይ አየር መንገድ፣ ቪዛ፣ ማረፊያ፣ አውቶቡስና አስጎብኚ በአንድ ላይ ሲያስፈልጉ ልምድ ያለው ሰው ድካም ያቃልላል። ችግር ሲገጥም በአካል ሄደው የሚያነጋግሩት፣ በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ሰው መኖሩም ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱ በመካከል እጅ መጨመሩ ነው። በአያታ እውቅና የተሰጠው ወኪል የመለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ሆነ የወኪሉ ስም በቲኬቱ ቅጂ ላይ ይታያል። እውቅናው የሌለው ቢሮ ደግሞ ቲኬቱን የሚያስቆርጠው ከሌላ ወኪል ነው። ይህ በራሱ ሕገወጥ አይደለም፤ ነገር ግን ተመላሽ ገንዘብ በሚጠየቅበት ጊዜ ከአየር መንገዱ ወደ ቆራጩ ወኪል፣ ከዚያ ወደ ሻጩ ቢሮ፣ በመጨረሻ ወደ መንገደኛው መምጣት ይኖርበታል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር መዘግየቱም የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

ጉዞው ሲሰረዝ

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ነገሩ ሁሉ በሰላም ሲጠናቀቅ አይታይም። የሚታየው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው።

አንድ አርሶ አደር ባለቤቱን ለሕክምና ወደ ውጭ ሊልክ የደርሶ መልስ ቲኬት ከወኪል ገዛ እንበል። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት የሕመምተኛዋ ሁኔታ ተለወጠና ሐኪም ጉዞውን ከለከለ። አርሶ አደሩ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ቢሄድ በአብዛኛው የሚያገኘው መልስ “ቲኬቱን ከቆረጠልህ ወኪል ዘንድ ሂድ” የሚል ነው። ይህ ማጉላላት ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን የገንዘቡ መንገድ ነው። አርሶ አደሩ ገንዘቡን የከፈለው ለወኪሉ ነው፤ ወኪሉ ደግሞ ለአየር መንገዱ አስተላልፏል። አየር መንገዱ የሚመልሰውም ለወኪሉ ይሆናል። ወኪሉ ቢሮውን ዘግቶ ከሄደ፣ ስልኩን ካላነሣ ወይም ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ካዋለው የመንገደኛው ጉዳይ እዚያው ይንጠለጠላል።

በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ በረራዎችን ባቆመበት ወቅት በብዙ ሀገራት የታየው ይኸው ነበር። በወኪል በኩል የገዙ በርካታ መንገደኞች በአየር መንገድና በወኪል መካከል ሲመላለሱ ከርመዋል።

ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁና መልሳቸው በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። ቲኬቱ ተመላሽ አለው ወይስ የለውም? ቀን ለመለወጥ ቅጣቱ ስንት ነው? መንገደኛው በዕለቱ ባይገኝ ምን ይደርስበታል? ርካሽ ቲኬት ብዙውን ጊዜ ርካሽ የሆነው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ጥብቅ ስለሆነ ነው።

ለየትኛው ጉዞ የትኛው መንገድ?

ለሀገር ውስጥ በረራ፦ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከላሊበላ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ለሚደረግ ቀላል ጉዞ በቀጥታ ከአየር መንገዱ መግዛት በቂ ነው። ለገና በላሊበላ፣ ለጥምቀት በጎንደር መገኘት የሚፈልግ ሰው ግን ቀደም ብሎ ይግዛ። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ያሉ ወንበሮች በተለያየ የዋጋ ደረጃ ስለሚሸጡ ርካሾቹ ቀድመው ያልቃሉ።

ለሕክምና ጉዞ፦ መመለሻው ቀን በሐኪም ውሳኔ የሚወሰን በመሆኑ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ቀኑ በቀላሉ የሚለወጥ ቲኬት ይመረጣል። ተሽከርካሪ ወንበር፣ ኦክስጅን ወይም የሐኪም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ጉዳዩን አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ማሳወቅ አለበት። ቲኬቱ በወኪል ቢቆረጥም እንኳ ጥያቄው በአየር መንገዱ መዝገብ መስፈሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ለመንፈሳዊ ጉዞ፦ ወደ ኢየሩሳሌም በቡድን የሚደረግ ጉዞ ቪዛን፣ ማረፊያንና መጓጓዣን አንድ ላይ ስለሚይዝ በወኪል በኩል መሄድ የተለመደ ነው። ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት፣ ቪዛ ቢከለከል ስንቱ እንደሚመለስ በውል ሊሰፍር ይገባል። የሐጅ ጉዞ ከዚህ የተለየ ነው፤ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ስለሚከናወን ከግለሰብ ደላላ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ለሥራ ጉዞ፦ ቲኬት የሚቆርጥ የጉዞ ወኪልና ሠራተኛ የሚልክ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ኤጀንሲ አንድ አይደሉም፤ ፈቃዳቸውም የተለያየ ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የደርሶ መልስ የመጓጓዣ ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። “ሥራ አስገባሻለሁ፤ የቲኬቱን ክፈይ” የሚል ሰው ሲያጋጥም ቤተሰብ ከመክፈሉ በፊት በአቅራቢያው ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ከባሕር ማዶ ዘመድ ሲገዛ፦ በአሜሪካ የሚኖር ልጅ ለወላጆቹ ቲኬት በሚገዛበት ጊዜ አንድ ሕግ ይጠቅመዋል። ከአሜሪካ ለሚነሣ ወይም ወደ አሜሪካ ለሚገባ በረራ፣ ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረው፣ አየር መንገዱ ቲኬቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰረዝ የመፍቀድ ወይም ቦታውን በተጠየቀው ዋጋ ያለ ክፍያ ለ24 ሰዓት የማቆየት ግዴታ አለበት። ግዴታው የተጣለው በቀጥታ በሚሸጠው አየር መንገድ ላይ ነው፤ ከወኪል የገዛ ሰው በወኪሉ ደንብ ይተዳደራል።

ከመክፈል በፊትና በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ

ክፍያ የሚፈጸመው በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ መሆን የለበትም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ መቀበል ግዴታ ነው፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃው እርሱ ነው።

ቲኬቱ እንደተቆረጠ ስድስት ሆሄ ያለውን መለያና የመንገደኛውን ስም ይዞ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም ቢሮ ማረጋገጥ ይቻላል። 13 አኀዝ ያለው ቁጥር በመዝገቡ ላይ መኖሩን መጠየቅ በቂ ነው። አንድ ጊዜ አረጋግጦ መተውም አይገባም። ወኪል የቆረጠውን ቲኬት በዚያው ዕለት መሰረዝ የሚችልበት አሠራር ስላለ፣ ታማኝ ያልሆነ ሻጭ ቲኬቱን አሳይቶ ከደንበኛው ከተለየ በኋላ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ በማግሥቱና ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ ማየት ብልህነት ነው።

ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ ቲኬት ሲቀርብ መጠርጠር ይገባል። በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ ቲኬት መጀመሪያ ላይ ትክክለኛ ሆኖ ይታያል፤ ስርቆቱ ሲደረስበት ግን ይሰረዛል፤ መንገደኛውም ከአውሮፕላን ማረፊያ ይመለሳል። “ዛሬ ካልከፈልክ ዋጋው ይጨምራል” የሚለው ማጣደፊያ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም ለማረጋገጥ የሚያስፈልገውን አንድ ሰዓት ሊያሳጣ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

ሁለት አየር መንገዶችን በሚያካትት ጉዞ ላይ ደግሞ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ላይ ናቸው ወይስ በሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ ቲኬት ላይ ከሆኑ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራል። በተለያዩ ቲኬቶች ከተገዙ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ መንገደኛውን “በሰዓቱ አልመጣም” ብሎ ይመዘግበዋል፤ ኪሳራውም የመንገደኛው ይሆናል።

ቲኬቱን ማንበብ

ከማንም ቢገዛ በቲኬቱ ላይ ሊነበቡ የሚገባቸው አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። በቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በእያንዳንዱ ፊደል መመሳሰል አለበት። “ኃይለ” እና “ጸሐይ” የመሳሰሉ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፉ ስሙን በቃል ከመናገር ፓስፖርቱን ማሳየት ይሻላል።

ሁለተኛው ቀን ነው። ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በዚህ ነው። በቲኬት ላይ 07፡00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13፡40 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40፣ 00፡30 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ30 ነው። የአውሮፓውያኑ ቀን የሚለወጠውም በእኩለ ሌሊት ነው። ለምሳሌ ቲኬቱ “ጃንዋሪ 19፣ 00፡30” ካለ ቀኑ የጥምቀት ዕለት ይመስላል፤ መንገደኛው አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለበት ግን በዋዜማው፣ በከተራ ማታ ነው። ጥር 11 ቀን ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው የሄደ መሆኑን ይረዳል።

አራተኛው ሻንጣ ነው። የተፈቀደው ብዛትና ኪሎ በቲኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ከአየር መንገድ አየር መንገድ፣ ከዋጋ ዋጋም ይለያያል። በርበሬና ሽሮ ለልጆች ይዞ የሚሄድ ወላጅ ትርፍ ኪሎ በአውሮፕላን ማረፊያ ከመክፈል አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታወስ ነገር አለ። የመሄጃውን በረራ ሳይሳፈር የቀረ ሰው የመመለሻው በረራም ሊሰረዝበት ይችላል። መቅረት ግድ ከሆነ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ለሻጩ ወይም ለአየር መንገዱ ማሳወቅ የሚድነውን ገንዘብ ያድናል።

ማጠቃለያ

ቀጥተኛና ቀላል ጉዞ ያለው፣ በስልኩ መክፈል የሚችል ወይም የአየር መንገዱ ቢሮ በቅርቡ ያለ ሰው በቀጥታ ቢገዛ ይበጀዋል። ጉዞው ብዙ ጉዳይ የሚያያዝበት፣ ቪዛና ማረፊያ የሚያስፈልገው፣ የሚያስረዳው ሰው የሚፈልግ መንገደኛ ደግሞ ቋሚ ቢሮና ፈቃድ ባለው ወኪል ቢጠቀም ለሚከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ተገቢውን ጥቅም ያገኛል። በሁለቱም መንገድ 13 አኀዝ ያለው ቁጥር በአየር መንገዱ መዝገብ ላይ መኖሩ ሳይረጋገጥ፣ ሕጋዊ ደረሰኝም ሳይያዝ ቲኬት ተገዝቷል ማለት አይቻልም። ሙሉውን ገንዘብ ከፍሎ ስድስት ሆሄ ያለው መለያ ብቻ የተሰጠው ሰው የጉዞው ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ወደ ሻጩ ይመለስ፤ መልስ ካጣም ደረሰኙንና የባንክ ማስተላለፊያውን ይዞ ለፖሊስ ያመልክት።